በባቡር ላይ የተደረገ ሙግት፤ ስለ ፈነዳው ፋኖስ

እኔ ኃይለየሱስ የአዳማ ባቡር ጣቢያ የዕቃ ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ጆንያ እያዩ መመዝገብ ነው፤ ሰው መምከር አይደለም። እንዲያውም ምክር የሚያበዛ ሰው ሲገጥመኝ መንገድ አቋርጬ የምሄድ ነኝ። ነገር ግን በ፲፱፻፳፫ ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ከሞጆ ወደ አዳማ ስመለስ ያየሁትንና የሰማሁትን ዋጥ አድርጌ ዝም ብል ልቤ አላርፍ አለኝ። ስለዚህ ጻፍሁት። አበዛኸው የሚለኝ ቢኖር ያን ቀን በዚያ ባቡር ቢሳፈር ኖሮ እሱም ዝም አይልም ነበር።

ያን ቀን ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ሞጆ ውዬ ከቀትር በኋላ በሚያልፈው ባቡር ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈርሁ። ፉርጎው በሰው፣ በዶሮና በበርበሬ ጆንያ ተጣቧል። እንደ ምንም ብዬ መስኮት አጠገብ ተሸጉጬ ስቀመጥ፣ ፊት ለፊቴ አቶ ወዬሳን አየኋቸው። አቶ ወዬሳ የበቅሎ ደላላ ናቸው። ከቡልቡላ እስከ ሞጆ ባለው ገበያ በእሳቸው እጅ ያላለፈ በቅሎ ጥቂት ነው። በኦሮምኛም በአማርኛም ሲናገሩ አፋቸው አይያዝም፤ ባቡር ላይ ሲሳፈሩ ከባቡሩ ጩኸት የእሳቸው ይበልጣል። ያን ቀን ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል።

“አከም ጅርቱ አቶ ወዬሳ! ምነው በደኅና ነው?” አልኋቸው።

“ኧረ ተወኝ እስቲ አቶ ኃይለየሱስ” አሉና ከጋቢያቸው ሥር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅባት አውጥተው አሳዩኝ። “ይኸን ፍለጋ ነው ሞጆ የዋልሁ። ዘርፉ ተቃጠለችብኝ።”

ዘርፉ አምና በጥር የዳሯት ሴት ልጃቸው ናት። እጅግ ደነገጥሁ፤ እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅሁ።

“ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ሲመሽ በባልዋ ቤት ፋኖስ ልታበራ ክብሪት ብትጭር፣ ፋኖሱ ቦግ ብሎ ፈነዳ። ቀኝ እጇ እስከ ክንዷ፣ አንገቷም ተላጠ። ይኸ አንሶ አማቷ ወይዘሮ አበበች ‘ይህች ዝርክርክ፣ ፋኖሱ እየነደደ ላምባ ጨምራበት ነው፤ ቤቴን ልታነደው ነበር’ ብላ ከነላምባው ቆርቆሮ መልሳ ላከችልኝ። ባልዋም እናቱን ፈርቶ ዝም አለ። ቁስሉስ ይድናል። ‘ቤት የምታቃጥል ሴት’ የሚባለው ስም በምን ቅባት ይድናል?” አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። እንባቸውን እንዳላይባቸው መሆኑ ገባኝና እኔም ወደ ሌላ አየሁ።

ከጎናቸው ኮት የለበሰ፣ ባርኔጣውን በጉልበቱ ያኖረ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። ስሙ ሐዲስ ይባላል። አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ተምሮ ለአዳማው ዳኛ ጸሐፊ ሆኖ ተሹሞ መሄዱ መሆኑን በኋላ ነገረን።

“አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሳልጠራ ልግባ” አለ። “ልጅዎ ራሷ ምን ትላለች?”

“ምን ትላለች! ‘ቀን ነው የሞላሁት፤ ፋኖሱ ቀዝቃዛ ነበር’ እያለች ትምልልኛለች። ማን ይሰማታል?”

“እርስዎስ ያምኗታል?”

አቶ ወዬሳ ቅባቱን ወደ ጋቢያቸው ሥር መለሱት። “ልጄ ናት” አሉ። መልስ አልነበረም፤ እሳቸውም መልስ አለመሆኑን ያወቁት ይመስለኛል።

“ላምባው ከማን ሱቅ ተገዛ?”

“ከአቶ ሙሉብርሃን።”

“እንግዲያስ አቶ ሙሉብርሃንን ይክሰሱ እንጂ።”

አቶ ወዬሳ እንደ ተነከሰ ሰው ብድግ አሉ። “ምን አልህ? ምን አልህ አንተ ልጅ? እሳት ያቃጥላል፤ የተፈጠረው ለዚያ ነው። ማንን ልክሰስ? እሳትን?” ሲሉ ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሐዲስ ግን አልተቆጣም።

“እሳትንስ አይክሰሱ። ግን በአዳማ በየቤቱ ፋኖስ ሲበራ ያመሻል፤ ሁሉም አይፈነዳም። ይህኛው ለምን ፈነዳ? በውስጡ ከላምባ ሌላ ነገር ቢኖርስ?”

“ስማኝ ልጄ። ሙሉብርሃን ጓደኛዬ ነው። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ጎተራዬ ሲራቆት፣ ከሱቁ እህል እያሸከመ ‘ሲኖርህ ትመልሳለህ’ ያለኝ እሱ ነው። ከእሱ ጋር ዳኛ ፊት ልቁም? ይሉኝታም የለኝ? ሰው ምን ይለኛል? አንተ ከከተማ መጥተህ ክሰስ፣ ክሰስ! ተማሪ ቤት የሚያስተምሯችሁ ወዳጅ ከወዳጅ ማጣላት ነው?”

“አባቴ፣ ዳኛ ፊት መቆም ጠላትነት ነው ያለ ማነው? አባቶቻችን ቀኑን ሙሉ ሲሟገቱ ውለው ማታ ከአንድ ገበታ ይበሉ አልነበረም?”

“እሱስ ይበሉ ነበር” አሉ አቶ ወዬሳ። ሙግት ሲነሣ ዓይናቸው በራ፤ ምክንያቱም አቶ ወዬሳ በዘመናቸው ነገር አዋቂ የተባሉ፣ በትራቸውን እያወዛወዙ ስንቱን የረቱ ሰው ናቸው። “እንዲያውም ና! አፍህ እንደ ባርኔጣህ የሚያምር እንደ ሆነ እንይ። እኔ ለሙሉብርሃን ጠበቃ ልቁም፤ አንተ ለዘርፉ። አቶ ኃይለየሱስ፣ በሕግ አምላክ ብያለሁ፣ ዳኘን!”

እንደምታውቁት በአገራችን ልማድ ሁለት ሰዎች ተጣልተው መንገደኛውን በሕግ አምላክ ካሉት፣ ቸኩያለሁ ብሎ ማለፍ ነውር ነው። እኔ ደግሞ መፍረድ የምጠላውን ያህል ምንም አልጠላም። “እኔን ተዉኝ፤ የማውቀው ጆንያ ነው” ብል ማን ሰምቶኝ! አቶ ወዬሳ የጋቢያቸውን ጫፍ ከልጁ ኮት ቁልፍ ጋር ቋጥረው፣ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ይቆራኛል አሉ። “የተረታ ለዳኛው ማር ይስጥ!” አሉ። “እሺ፣ ማር ይሁን!” አለ ሐዲስ። ማር ከተባለ ወዲያ እኔም እግሬን ሰብስቤ እንደ ዳኛ ተስተካከልሁ።

መጀመሪያ የተናገሩት አቶ ወዬሳ ናቸው። ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ሐዘናቸውን ለጊዜው የረሱት መሰሉ።

“ዳኛዬ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ላምባውን በቆርቆሮ ገዛሁ፣ በቆርቆሮ ሸጥሁ። በውስጡ ክፉ ነገር መኖሩን አላወቅሁም። ልጅቱን አልጠላሁም፤ እንዲያውም የወዳጄ ልጅ ናት። ክፋት ሳላስብ፣ እጄን ሳላነሣ፣ ቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ ስለ ነደደ ፋኖስ ለምን እጠየቃለሁ? ገዢ ዓይቶ፣ አሽትቶ፣ ወዶ ይገዛል። ከሱቄ ደጅ ከወጣ የእሱ ነው።”

ማለፊያ ንግግር ነበር። እኔ ራሴ ለሙሉብርሃን ልፈርድ ምንም አልቀረኝ።

ሐዲስ ግን ቁራኛው እንዳይፈታ ኮቱን በእጁ ይዞ፣ በትሕትና እንዲህ አለ። “ዳኛዬ፣ ከመመለሴ በፊት አቶ ወዬሳን በሌላ ነገር ልጠይቃቸው ይፈቀድልኝ። አባቴ፣ በቅሎ ሲያሻሽጡ አመሏን ይደብቃሉ?”

“እኔ?” አሉ አቶ ወዬሳ፤ ሙግቱን ትተው በእውነት ተቆጡ። “እኔ ወዬሳ? ጠይቅ! ገበያውን ሁሉ ጠይቅ! የምትራገጥ እንደ ሆነች ‘ትራገጣለች፣ ከኋላዋ አትቁሙ’ ብዬ እጮሃለሁ። ዋጋው ይውረድ እንጂ የሰው እግር ሰብሬ እንጀራ አልበላም።”

“አመሏን ሳያውቁ የሸጧት ኖራ አታውቅም?”

አቶ ወዬሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አንዲት ነበረች። ዳማ በቅሎ። ውሃ የምትፈራ መሆኗን ባለቤትዋ ደብቆኝ፣ እኔም ሳላውቅ ለአንድ የቡልቡላ ሰው አሻሽጥሁ። አዋሽን ሲሻገር መካከል ላይ ስትደርስ ጣለችው፤ እግሩ ተሰበረ።”

“ከዚያስ ምን አደረጉ?”

“ምን አደርጋለሁ! በቅሎዋን መለስሁ። ወጌሻ አመጣሁለት። እግሩ እስኪጠና ድረስም እርሻውን በእኔ በሬዎች አሳረስሁለት። ኋላም የደበቀኝን ባለቤት ዳኛ ፊት አቁሜ ያወጣሁትን አስመለስሁ።”

“ለምን? አላወቁም ነበር። ክፋት አላሰቡም። ቤትዎ ተቀምጠው ነበር።”

“እንዴት ለምን? ከእኔ እጅ ነዋ የወጣችው! ሰውዬው በቅሎ አያውቅም፤ ‘ወዬሳ ያውቃል’ ብሎ አምኖኝ ነው የገዛት። እኔ ካልተጠየቅሁ ማን ይጠየቅ? አዋሽ ይጠየቅ?”

ይህን ብለው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አጠገባችን የተቀመጠች የበርበሬ ነጋዴ “አበስኩ ገበርኩ! በገዛ አፋቸው ተረቱ!” ብላ አጨበጨበች። ሳቁ ፉርጎውን አናወጠው። እኔም ልፈርድ አፌን ስከፍት አቶ ወዬሳ እጃቸውን አነሡ።

“ቆይ፣ ቆይ! በቅሎ ሌላ፣ ላምባ ሌላ። በቅሎን ጥርሷን ከፍተህ ታያለህ፤ ትጋልባታለህ። የላምባን ሆድ ማን ያያል?”

“እኔም የምለው ይኸንኑ ነው አባቴ” አለ ሐዲስ። ድምፁ ለስላሳ ሆነ። “ጥርሷን ሊያይ የሚችል ገዢ እንኳ በሻጭ ላይ መብት ካለው፣ ምንም ማየት የማይችል ገዢማ እንዴት አብልጦ አይኖረው? ድሮ ቤታችን የሚገባው ዕቃ ሁሉ የምናውቀው ሰው የሠራው ነበር። ማሰሮው ቢያፈስ ሸክላ ሠሪዋን ደጃፏ ድረስ ሄደን እንወቅሳለን። ዛሬ ከባሕር ማዶ በባቡር የሚመጣ ቆርቆሮ እንገዛለን። ማን እንደ ሠራው፣ በመንገድ ምን እንደ ገባበት አናውቅም። የምናውቀው ባለሱቁን ብቻ ነው፤ የምናምነውም እሱን ነው። ባለሱቁ ጥፋቱ የእኔ አይደለም ቢል፣ እርስዎ የበቅሎዋን ባለቤት እንዳቆሙ እሱም የሸጠለትን ያቁም። ነገሩ እንዲህ እየተያያዘ አጥፊው ዘንድ ይደርሳል። ልጅዎ ዝም ካለች ግን የትም አይደርስም።”

ባቡሩ ሜዳውን እየበላ ይሮጣል፤ በስተቀኝ የቆቃ ረግረግ በፀሐይ ያብለጨልጫል። አቶ ወዬሳ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ይህን ሁሉ ብትል ሰው ፊት ወጥቼ ‘ሙሉብርሃን ልጄን አቃጠላት’ ማለት አልችልም። ያች መሰለች እንኳ ችላ ዝም ብላ የለም?” አሉ።

“መሰለች ማናት?” አልሁ እኔ።

“የታችኛው ሰፈር ሴት ናት። እሷም ከሙሉብርሃን ሱቅ በጠርሙስ ላምባ ገዝታ ኩራዝ ስታበራ ቦግ ብሎ ቅንድቧን ለበለባት። ‘ስም ማጥፋት ይሆንብኛል’ ብላ ለማንም አልተናገረች። እኔም የሰማሁት ዘርፉ ከተቃጠለች በኋላ ነው።”

“መቼ ነበር እሷ የተቃጠለች?” አለ ሐዲስ።

“ከዘርፉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ።”

ከዚህ በኋላ ማንም አልሳቀም። ሐዲስ የተቋጠረውን ጋቢ እያየ፣ “አባቴ፣ መሰለች ያኔ ተናግራ ቢሆን ኖሮ ዘርፉ ትቃጠል ነበር?” አለ።

አቶ ወዬሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የአባት ፊት እንዲህ ሲሆን ማየት ያስጨንቃል። “አትቃጠልም ነበር” አሉ። ከዚያም፣ “እኔ ልጄን አላመንኋትም። በአፌ ልጄ ናት እላለሁ እንጂ፣ በልቤ አማቷ እውነቷን ይሆናል እል ነበር” አሉ።

“አሁንም ጊዜ አለ” አለ ሐዲስ። “ቆርቆሮው ቤትዎ ካለ ዳኛው ፊት እናቀርበዋለን። ዋናው ምስክር እሱ ነው።”

“ቆርቆሮው?” አሉ አቶ ወዬሳ። “ቆርቆሮው ቤቴ የለም። ልጄን ያቃጠለ ነገር እቤቴ አይደር ብዬ፣ እንዳልደፋውም ብዙ ላምባ ሆኖ ስላሳዘነኝ፣ ለጽድቅ ይሁን ብዬ ሰጠሁት።”

“ለማን?”

“ጎረቤቴ ኑሬ አባቱ አቶ ገርባ ዐርፈውበት ድንኳን ጥሏል። ሰው አብሮት ስለሚያድር መብራት ያስፈልገዋል አልሁና ዛሬ ጠዋት ወደ ሞጆ ስነሣ…”

ሐዲስም እኔም የበርበሬ ነጋዴዋም ተያየን። ፀሐይ ልትገባ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ቀርቷታል። አቶ ወዬሳ ከመቀመጫቸው ዘለው ሲነሡ ቁራኛው ስላልተፈታ ሐዲስን ከነባርኔጣው ጎተቱት። “አስነዳው! ይኸን ባቡር አስነዳው!” ብለው በእኔ ላይ ጮኹ፤ የጣቢያ ሰው ስለ ሆንሁ ባቡሩን የማዝዝ መስሏቸው። እኔ ምን አቅም አለኝ? እግዚኦ ከማለት በቀር አልቻልሁም። እንደዚያን ቀን ባቡር ቀርፍፎብኝ አያውቅም።

አዳማ እንደ ደረስን ባቡሩ ገና ሳይቆም አቶ ወዬሳ ወረዱ። እኛም ተከተልን። በጣቢያው መንገድ፣ በጋሪዎቹ መካከል፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ጥለው ሲሮጡ ያየ ሁሉ አበዱ እንዴ አለ። ከኑሬ ደጅ ስንደርስ ድንኳኑ በሰው ሞልቷል። በስተኋላ የኑሬ ሚስት ውዴ ሦስት ፋኖስ ደርድራ፣ ሁለቱን ሞልታ፣ ሦስተኛውን ልትሞላ ያንን ቆርቆሮ አዘንብላ ይዛለች። በዙሪያዋ ሕፃናት ተቀምጠዋል።

“ውዴ! አስቀምጪው!” አሉ አቶ ወዬሳ። እሷም ደንግጣ አስቀመጠች።

ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አየን። ከፊት ከተቀመጡት መካከል አቶ ሙሉብርሃን ነበሩ፤ ወይዘሮ አበበችም ከሴቶቹ ጋር ነበሩ። አቶ ሙሉብርሃን ወዳጃቸውን እንዳዩ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። “ወዬሳ፣ ና እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ። የዘርፉ ቁስል እንዴት ነው? ለሞጆ ሐኪም የሚሆን ነገር ቢያንስህ ምነው ሳትነግረኝ ሄድህ?” አሏቸው።

ወይ ጉድ! ያን ጊዜ ይሉኝታ የሚባለው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በዓይኔ አየሁ። አቶ ወዬሳ ወደ ተለቀቀላቸው ቦታ ሁለት እርምጃ ሄዱ። ክፉ ሰው ፊት መናገር ቀላል ነው፤ ደግ ሰው ፊት ነው ጭንቁ። ልባቸው ሊመለስ ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ወደ ሕፃናቱ አዩና ተናገሩ።

“ሙሉብርሃን ወንድሜ፣ ስምህን ላጠፋ አልመጣሁም። ግን ይህ ቆርቆሮ ከሱቅህ የተገዛ ነው። ልጄን ያቃጠላት ይህ ነው። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ወደዚህ ቤት ላክሁት። ዛሬ ይህ ድንኳን ቢነድ አቃጣዩ እኔ ነበርሁ።”

አቶ ሙሉብርሃን ፊታቸው ጠቆረ። “በለቅሶ ቤት፣ በሰው ፊት ይኸን ትለኛለህ? እኔ ሰው የማቃጥል ሰው ነኝ?” አሉ።

“ጌታዬ፣ አይቆጡ” አለ ሐዲስ እጅ ነሥቶ። “እርስዎ ሰው ያቃጥላሉ ያለ የለም። ላምባው ግን ራሱ ይናገር።” ሰውን ሁሉ ከድንኳኑ አርቆ፣ ሜዳው ላይ ሁለት ገል አስቀመጠ። በአንደኛው ከጎረቤት ቤት ያስመጣውን ላምባ፣ በሁለተኛው ከቆርቆሮው ጥቂት ቀዳ። ክብሪት ጭሮ በመጀመሪያው ላይ ጣለ፤ ክብሪቱ ጭስ ብሎ ጠፋ። ሌላ ጭሮ ወደ ሁለተኛው ከሩቅ ወረወረ፤ ገና ሳይነካው እሳቱ ቦግ ብሎ የሰው ቁመት አከለ። ሴቶች ጮኹ። ውዴ ልጆቿን ወደ ጉያዋ ሰበሰበች።

አቶ ሙሉብርሃን እጃቸውን በራሳቸው ላይ አደረጉ። “ወየው! ወየው ለኔ! አንድ የካሚዮን ነጂ ቤንዚን አትርፎ ሱቄ ትቶልኝ ነበር። እንዳይባክን ብዬ በሦስት ቆርቆሮ ላምባ ላይ አካፍዬ ጨመርሁት። ሁለቱም ይነድዳል፣ ምን ልዩነት አለው አልሁ። የማሽላ ዱቄት ከስንዴ ዱቄት ጋር እንደ መቀላቀል መሰለኝ እኮ!” አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። የዚህ አገር ነጋዴ ዕቃ እንዳይባክንበት ሲሳሳ አውቃለሁ፤ ስስቱ እንጂ ክፋቱ አይደለም ያሳሳታቸው። ግን እንግዲህ ለዘርፉ ክንድ ስስትም ክፋትም አንድ ነው።

በዚህ መካከል ወይዘሮ አበበች ተነሡ። ኩሩ ሴት ናቸው፤ ሲናገሩ ግን መሬት መሬቱን ያያሉ። “ላምባውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ስከፍተው ሽታው አፍንጫዬን ነክሶኝ ነበር። ልጅቱ ስትቃጠል፣ ‘ምን ዓይነት ላምባ ገዛሽ’ እንዳልባል ፈርቼ ጥፋቱን በእሷ ላይ ጣልሁት። ዘርፉ ስትሞላ ቀን ነበር፤ አይቻታለሁ። ፋኖሱም አልበራም ነበር። ዳኛ ፊት እመሰክርላታለሁ” አሉ።

በማግስቱ አቶ ወዬሳና አቶ ሙሉብርሃን ጎን ለጎን ሆነው ወደ ዳኛው ሄዱ። ተቃቅፈው ሄዱ ብል ዋሸሁ፤ እየተኮራረፉ ነበር፤ ግን አብረው ሄዱ። ዳኛውም ነገሩን ከሰማ በኋላ፣ አቶ ሙሉብርሃን ክፋት ባያስቡም ሕዝብ አምኗቸው የሚገዛውን ዕቃ ያበላሹ ናቸውና ዘርፉን ፈጽማ እስክትድን ያሳክሙ፤ ፈትላ የምታገኘው ስለ ቀረባት ይካሱ፤ ከእንግዲህም የቤንዚን ቆርቆሮ ሁሉ ቀይ ቀለም ይቀባ፣ ላምባና ቤንዚን በአንድ ጥግ አይቀመጥ ብሎ ፈረደ። የቀረውም ቆርቆሮ ከሱቁ ወጥቶ ከከተማ ውጭ ተደፋ።

ከዚህ በኋላ ዳኛው ወደ ዘርፉ ዞሮ፣ “ልጄ፣ ከዚህ ሌላ የምትጠይቂው አለሽ?” አላት።

ዘርፉ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም ነበር። “አለኝ” አለች። “ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑ በገበያ ይነገርልኝ።”

ሰው ቢጎዳ መክሰስ መጨካከን ነው የሚሉ ወገኖቼ ይህን ልብ ይበሉ። ክሱ ለአንዲት ልጅ ስሟን መለሰላት፤ ባልዋም የዚያኑ ዕለት ሊወስዳት መጣ፣ አልቅሶም ስለ ለመናት ተቀበለችው። ኑሬን ከሌላ ለቅሶ አዳነው። ባለሱቁ ራሱ ከባሰ ደም ዳነ፤ ድንኳኑ ነዶ ቢሆን ኖሮ በምን አፉ ይካስ ነበር? ወዳጅነታቸውም ቢሆን እስከ ጥምቀት ተኮራርፈው ታርቀዋል። ዝም ቢባል ግን ቂሙ ከቁስሉ ጋር ሲያመረቅዝ ይኖር ነበር። እኔስ ሙግት አልወድም፤ ዝምታን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከሙግት አብልጬ እጠላለሁ።

በገበያ ቀን አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን መትቶ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ “ዘርፉ ወዬሳ ፋኖሷን የሞላችው በቀን፣ በደንቡ ነው፤ የፈነዳው ቤንዚን ስለ ተጨመረበት ነው፤ ከአቶ ሙሉብርሃን ሱቅ ላምባ የገዛችሁ አምጡና መልሱ፤ የተጎዳም ለዳኛ ይናገር” ብሎ ጮኸ። እኔ ሰዎች ይኸን ሰምተው ጠርሙስ ይዘው የሚመጡ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ የመጣችው መሰለች ናት። ከእሷ ኋላ ከጎመን ተራ አንዲት ሴት፣ ከእንጨት ተራ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ሽማግሌም፣ ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን ገልጠው ጠባሳቸውን እያሳዩ መጡ። ሁሉም በየቤቱ የእኔ እጅ ነው ያጠፋው ብሎ ተቀምጦ ኖሯል። አቶ ወዬሳ ያን ሁሉ ቁስል አይተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ዘርፉ ግን ወደ ሴቶቹ ሄደችና፣ “ኑ እህቶቼ፣ ጸሐፊው እዚህ ነው፤ አንድ በአንድ ይጽፍላችኋል” ብላ በደኅናው እጇ እየመራች ወደ ሐዲስ ወሰደቻቸው።